ማቆያ ውስጥ የጣሳ ወተቱን ማን ይግዛ? እኔ ወይስ እናቶቹ?

የአባዶዋ (ጠያቂ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለ ቤቴ ሕፃናት እቀበላለሁ። ትልልቆቹ አያስቸግሩኝም፤ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በልተው ይተኛሉ፣ ተጫውተው ይሄዳሉ። ጣጣው ያለው ዓመት ያልሞላቸው ጋ ነው። እናቶቹ የወሊድ ፈቃዳቸው ሲያልቅ፣ ልጁ ሦስት ወር ከምናምን ሲሆነው ያመጡልኛል። ከዚህ ተነስተው በመገናኛ አድርገው ሥራ ለመድረስ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ይወጣሉ፣ ማታ 1 ሰዓት ቢመለሱ ነው። በመሃል ጡት የለም።

የሚመጣልኝን ልንገራችሁ። አንዷ ሌሊት በጥብጣ ሦስት ጡጦ ሞልታ ትልካለች፤ የመጨረሻው የሚጠጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላዋ ዱቄቱን በፌስታል ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ ምን ዓይነት ወተት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሦስተኛዋ ደግሞ ጣሳው እንዲቆይላት አንድ መለኪያ ቀንሼ እንድበጠብጥ ነገረችኝ። አልፈርድባትም፣ ዋጋውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ልጁ ጠጥቶ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ያለቅሳል፣ አቅፌው የምውለው እኔ ነኝ።

ያሰብኩት ይህ ነው፦ ወተቱን እኔው ገዝቼ በወር ክፍያው ላይ ልጨምር። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ትልቁ ጣሳ፣ የምበጠብጠውም እኔ። ባለቤቴ «ደግሞ ወተት ነጋዴ ልትሆኚ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ማቆያ ያላችሁም፣ ልጃችሁን የምታስቀምጡም፣ ምን ትላላችሁ?

ኮዬ ፈጬ ነኝ

እህቴ፣ አትግዢ። እኔም ይሄንኑ ሥራ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ሒሳቡን እይው። 400 ግራም ጣሳ ሲበጠበጥ ሦስት ሊትር ገደማ ይወጣዋል። እኔ ጋ የሚውል የአራት የአምስት ወር ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል፣ ስለዚህ አንዱ ጣሳ ለአንድ ልጅ ስድስት ቀን ነው። ሌላው ግን ገና ከእናቱ ጡት ያልራቀ ስለሆነ የዚያን ግማሽ እንኳ አይጠጣም። ለሁለቱም እኩል ልታስከፍዪ ነው? ወር ሲደርስ «የኔ ልጅ ይህን ያህል አይጠጣም» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ልዩነቱን የምትሸፍኚው አንቺ ነሽ፣ በየወሩ ክፍያ ጨምሩ ብትዪ ማን ይሰማሻል።

ሌላው፣ ወተቱ ከመድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ያኔ ያገኘሽውን ትገዣለሽ፣ ሆዱ የተረበሸ ልጅ ሁሉ «ወተት ቀይራ ነው» ይባላል።

ጤና ጣቢያ የምሠራ

ነርስ ነኝ፣ አቃቂ አካባቢ። ማን ይግዛ ከሚለው በፊት ማን ይበጥብጥ የሚለው ይቅደም። የአባዶዋ፣ ከነገርሽን ሦስት ነገር ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ ሌሊት ተበጥብጦ የሚመጣው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ጣሳው ታሽጎ ቢመጣም ዱቄቱ ከጀርም ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ እና ሳልሞኔላ በደረቅ ዱቄት ውስጥ ሳይሞቱ ሊቆዩ ይችላሉ። ደረቅ እስከሆነ ድረስ አይራቡም፤ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ቦርሳ ውስጥ ሲውል ግን ይራባሉ። ክሮኖባክተር የሚይዘው ጥቂት ሕፃናትን ነው፣ ግን ከያዘ ደምና አንጎል ውስጥ ይገባል፤ በተለይ ሁለት ወር ላልሞላቸውና ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ክፉ ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ያለው። በዚያ ሙቀት ዱቄቱ ውስጥ ያለው ይሞታል። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማብረድ፣ ክንድ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር፣ ወዲያው ማጠጣት። የተበጠበጠው ፍሪጅ ካልገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል። ልጁ አፉን ያስገባበት ትራፊ ለሚቀጥለው ሰዓት አይቀመጥም፣ ቢያሳዝንም።

አሁን ለእኛ አገር የሚለየውን ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። አንድ፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የሚመከረው እሱ ነው። ሁለት፣ መመሪያው ላይ «ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ» የሚለውን ሰምታችሁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አትጠብቁ። የእኛ ውሃ ከ92 ተነስቶ ነው የሚበርደው፣ በትንሽ ማሰሮ ያለ ደግሞ ቶሎ ከ70 ይወርዳል። የምግብ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ፣ ግምት አያስፈልግም።

አባወራው ጀሞ

ነርሷ እናመሰግናለን። መለኪያ የመቀነሱን ነገር አልፈሽዋል ግን። እኛም ቤት ተነስቶ ነበር፣ ባለቤቴ ናት ያስቆመችን። ጉዳቱ ምንድነው በትክክል? ለሌሎቹም እንዲሆን።

ጤና ጣቢያ የምሠራ

ልጁ ሆዱ ይሞላል፣ ምግብ ግን አያገኝም። ክብደቱ ይቆማል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። ማወፈርም እንዲሁ ነው፣ «እንዲጠግብ» ብለው አንድ መለኪያ የሚጨምሩ አሉ፤ ያ ድርቀት ያመጣል፣ ኩላሊቱንም ያስጨንቃል።

ውሃው ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል። መለኪያው ተደልድሎ እንጂ ተጠቅጥቆ አይሞላም። የአንዱን ጣሳ መለኪያ ለሌላው ጣሳ አትጠቀሙ፤ አንዳንዱ ወተት አንድ መለኪያው ለ30 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንዳንዱ ለ60። የአባዶዋ በፌስታል የሚመጣላትን የምትበጠብጠው በምን ለክታ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

የአባዶዋ

በፌስታል የመጣውን አልበጠብጥም ብዬ መልሼዋለሁ፣ ስሜን አጥፉት እንግዲህ 😅

እማማ ሰበታ

ልጆቼ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው? እዚህ ሰበታ ከበራችን ላይ የላም ወተት አለ። አፍልቼ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ ስምንት ልጅ አሳድጌበታለሁ። ጠዋት ጠዋት አብሽ ጠብ ጠብ ይደረግለታል፣ ሆዱ ይጸዳል። የጣሳ ወተት የሚሉትን የማን ላም እንዳለበችው እንኳ የሚያውቅ የለም።

ጤና ጣቢያ የምሠራ

እማማ፣ ስምንት ልጅ ያሳደገ እጅ ይባረክ። ዓመት ሳይሞላው ግን የላም ወተት ዋና ምግቡ እንዲሆን አንመክርም፣ ቢፈላም። ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ አንዳንዱን ሕፃን ደግሞ አንጀቱን ለዓይን በማይታይ መጠን ያደማዋል፣ ልጁ ደም ያንሰዋል። ፕሮቲኑና ጨውም ለትንሽ ኩላሊት ይበዛል። በውሃ ሲቀጥን ጨው ይቀንሳል፣ ግን ጉልበት የሚሰጠውም አብሮ ይቀንሳል፣ ብረቱም ከየትም አይመጣም። ጥሬው ከሆነ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። አብሹም ቅቤውም እስከ ስድስት ወር ይቆይልን፣ ማር ደግሞ እስከ ዓመቱ። ዓመት ከሞላው በኋላ የሰበታን ወተት አፍልተው ይስጡት፣ እኔም እመጣለሁ።

ይሄ ለቡናም ለሻይም የምንጠቀመውን ተራ የዱቄት ወተትም ይመለከታል። ጣሳው ስለሚመሳሰል ለአራት ወር ልጅ የሚገዙ አሉ። አይሆንም። ከልደት እስከ ስድስት ወር የሚለው 1 ቁጥር ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ 2 ቁጥር። ዓመት ካለፈው 3 ቁጥር የሚሉት ባይኖርም ልጁ አይጎዳም፣ ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

እማማ ሰበታ

እሺ ልጄ። አብሹን ግን አልተውም።

ሐበሻዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ አሜሪካ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር አለኝ፣ እዚህ ይሄን ሥራ የያዝን ሐበሻ ሴቶች ብዙ ነን። እዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

የፌዴራል መንግሥት የምግብ ድጎማ አለ፣ ሲኤሲኤፍፒ ይባላል። የገባሽበት እንደሆነ ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት ብረት የተጨመረበት ፎርሙላ፣ ማለት የጣሳ ወተት፣ አለኝ ብለሽ ማቅረብ ግዴታሽ ነው። እናትየዋ ግን «አልፈልግም፣ የራሴን አመጣለሁ» ማለት ትችላለች፣ ጡቷን አልባም ማምጣት ትችላለች። ምርጫዋን በጽሑፍ ታስቀምጫለሽ። ከስድስት ወር በታች ላለው በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 አውንስ ይላል፣ ማለት ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ። እናቷ ያመጣችውን ወተት አንቺ ብታጠጪም፣ እናትየዋ ራሷ መጥታ ጡት ብታጠባም መንግሥት ይከፍልሻል።

ግን ልብ በዪ፣ እኔ መግዛት የቻልኩት የሚከፍለኝ ስላለ ነው። አንቺን የሚደጉምሽ የለም። ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ፋብሪካ በዚሁ ነርሷ ባለችው ክሮኖባክተር ሥጋት ምርቱን ከገበያ ሰብስቦ ሥራ ሲያቆም፣ እዚህ ሀብታም አገር ላይ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ነበር። እኔ አቀርባለሁ ብዬ የፈረምኩትን ወተት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስንከራተት ነው የከረምኩት። የራሳቸውን የሚያመጡት እናቶች ቢያንስ በአክስትም በእህትም ይፈልጉ ነበር።

ጡት ይበልጣል

ማንም ስለ ጡት አልተነፈሰም እኮ! ማቆያው ወተት ከገዛ፣ ጡት ማጥባት ለምትፈልገዋ እናት ምን ምክንያት ቀራት? «ተከፍሎበታል፣ ይጠጣ» ትላለች። የጡት ወተት ተተኪ ምግቦች እንዴት እንደሚሸጡ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ለዚህ ነው፤ ነጻ ናሙናና ማስታወቂያ እናቶችን ከጡት እየለየ ስለነበር። አንቺም ሳታስቢው ሻጭ ትሆኛለሽ። ባልሽ እውነቱን ነው።

የአባዶዋ

አይ፣ እዚህ ላይስ አልስማማም። አንድም እናት ጡቷን ጠልታ አላየሁም። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላታል። መሃል ላይ ያለው ሦስት ወር የማን ነው? እኔ ቤት ነው የሚወድቀው። ጡጦ ያቀበልኩ ሁሉ ከጡት አስጣይ ከተባልኩ ሥራውን ልተወው።

ጡት ይበልጣል

አንቺን ለመንካት አልነበረም፣ ይቅርታ። ግን አልቦ ማስቀመጥን ለምን አትነግሪያቸውም? የታለበ ጡት ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፣ ውጭ በቤት ሙቀት ደግሞ እስከ አራት ሰዓት። ፓምፕ የሌላት በእጇ ታልባለች፣ ጤና ጣቢያ ያሳዩዋታል። ማታና ሌሊት ጡት፣ ቀን የታለበ፣ የጎደለውን ብቻ በጣሳ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ማቆያ እንዲያዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ያዛል፣ ትጠይቅ።

መገናኛ ላይ የምሰለፍ

ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ግን የአራት ወር ልጅ ይዤ ጠዋት በ12 ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም፣ በዝናብ፣ ከዚያ ተጋፍቶ መግባት… ሁለት ሳምንት ሞክሬ ሰፈር አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አልባለሁ፣ በበረዶ ላስቲክ ይዤ እመለሳለሁ። ይቻላል፣ አለቃሽ ሰው ከሆነ።

ጤና ጣቢያ የምሠራ

ከጡት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳልረሳው። ሰፈር ውስጥ ጡጦ የያዘች እናት ሲያዩ ስለ ደሟ ማንሾካሾክ የሚወዱ አሉ። የማቆያ ባለቤቶች፣ «ለምን አታጠቢም» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሌሎቹንም አፋቸውን አስይዙ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት እንኳ መድኃኒቷን እየወሰደች ጡት እንድታጠባ ነው በአገራችን የሚመከረው፤ ስለዚህ ወሬው ክፉም መሠረተ ቢስም ነው።

የአባዶዋ

የኔዎቹስ የሚፈሩት ዓይን ነው። ጡጦውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው ይልኩታል፣ የጻፍኩበት ስም አይታይም 😂

እሺ አሁን የቸገረኝን ልጠይቅ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። መብራት ደግሞ ሲሄድ ከሰዓት እስከ ማታ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ለአራት ሕፃን ውሃ ማፍላት አልችልም፣ ትልልቆቹም እግሬ ሥር ናቸው፣ የፈላ ውሃ እፈራለሁ። ፔርሙዝ ይሆናል? የታሸገ ውሃ ብጠቀምስ፣ ሳይፈላ?

ጤና ጣቢያ የምሠራ

የታሸገውም ይፈላል። ታሸገ ማለት ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለውንም ቀዝቃዛ ውሃ አይገድለውም።

ፔርሙዝ ይሆናል፣ ጥሩ የሚይዝ ከሆነ። ጠዋት ሦስት ደቂቃ አፍልተሽ እስከ አፉ ሙይው፣ ጎዶሎ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። ለዚህ ብቻ የሚውል ይሁን፣ ሻይ የገባበት አይሆንም። ከመበጥበጥሽ በፊት ትንሽ ቀድተሽ በቴርሞሜትር ለኪው፣ ከ70 በታች ከሆነ እንደገና ይፈላል። ለመብራት መጥፋት ሲሊንደር ወይም ከሰል ይኑርሽ። እሳቱና ፔርሙዙ ግን ልጆቹ የማይደርሱበት፣ በሩ የሚዘጋ ኩሽና ውስጥ።

ጡጦው በሳሙናና በብሩሽ ጫፉ ተገልብጦ ይታጠባል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ይቀቀላል። የወተት ቅሪት እያለበት መቀቀል ዋጋ የለውም። ውሃ በጠፋበት ቀን ጡጦ ለማጠብ ከመሰቃየት በሲኒ አጠጪ፣ እሺ? ሲኒ አፉ ሰፊ ነው፣ ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ንጽሕና በሚያስቸግርበት ቦታ ሲኒን ይመርጣል። ልጁን ቀና አድርገሽ ታቅፊና ጠርዙን ከታችኛው ከንፈሩ ታስነኪያለሽ፣ ራሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ አይፈስም።

ኮዬ ፈጬ ነኝ

ሲኒው እውነት ነው። ጡጦ እምቢ የሚል ልጅ ነበረኝ፣ እናቱ ጡት ብቻ ያስለመደችው፣ በሲኒ ጠጥቶ አደገ።

ደግሞ ረዳት ያላችሁ ተቆጣጠሩ፦ ጡጦውን በትራስ አስደግፋ ሌላ ሥራ የምትሠራ አትጠፋም። ልጁ ይታነቃል፣ ወተቱም ጆሮው ውስጥ ገብቶ ያመረቅዛል። አቅፎ ማጠጣት ነው፣ ፊቱን ሲያዞር ማቆም። «ጨርስ» ብሎ ማስገደድ የለም።

አባወራው ጀሞ

ጤና ጣቢያ የምትሠሪው፣ ወተቱም ጆሮ ውስጥ ይገባል ያለችው ልክ ናት?

ጤና ጣቢያ የምሠራ

በውጭ ሳይሆን በውስጥ ነው፤ ልጁ ጠፍጣፋ ተኝቶ ሲጠጣ ከጉሮሮው ወደ መሃል ጆሮ በሚወስደው ቱቦ ሊገባ ይችላል። ለጆሮ ምርቀዛ ያጋልጣል፣ ልክ ናት።

የአባዶዋ

እናቶቹን ቅዳሜ ሰብስቤ ተነጋገርን። አልገዛም። የተስማማነውን እዚህ ላስቀምጠው፣ ማቆያ ያለው ይጠቀምበት።

ጣሳውን ወላጅ ይገዛል፣ ታሽጎ ይመጣል፣ እኔ ፊት ይከፈታል። የሚያበቃበትን ቀን አብረን እናያለን። በፕላስተር የልጁ ስምና የተከፈተበት ቀን ይጻፋል፤ ከተከፈተ ወር ያለፈው ወደ ቤት ይመለሳል። የአንዱ ጣሳ ለሌላ ልጅ አይነካም፣ ባለቀበት ቀንም ብድር የለም፤ ሲያልቅ ሳይሆን ሩብ ሲቀረው በቴሌግራም እነግራታለሁ። የተበጠበጠ አልቀበልም። የታለበ ጡት እቀበላለሁ፣ ስምና ሰዓት ተጽፎበት፣ ቀጥታ ፍሪጅ ይገባል። መጠኑ በጣሳው ላይ እንደተጻፈው ነው፣ ከዚያ የሚቀንስ የሐኪም ወረቀት ያምጣ። ማን ስንት ሰዓት ላይ ስንት እንደጠጣና ስንት እንደተደፋ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ማታ ታያለች።

የከሰሉ፣ የጋዙና የፔርሙዙ ወጪ የኔ ነው፣ ግን ዓመት ላልሞላው በወሩ ላይ ትንሽ ጨመርኩ። አንዷ አኮረፈች። መለኪያ ቀንሺ ያለችኝ እናት ግን ከሁሉም ቀድማ ተስማማች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ማለብ ጀምራለች፣ ለሁለት ጡጦ ይበቃል፣ ጣሳውም እንዳሰበችው ይቆይላታል።

ሐበሻዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጎበዝ። ጡት የሚጠጣው ልጅ ላይም ዱቄት የሚጠጣው ላይም ሁለት ዓይነት ቀለም ፕላስተር አድርጊ። በሥራ መሃል ጡጦ መለዋወጥ ቀላል ነው፣ የሰው ጡት ወተት ለሌላ ልጅ መስጠት ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የአባዶዋ

ቀይና ነጭ አለኝ፣ ከነገ ጀምሮ። ጥቁር ጨርቁን ግን ማስተው አልቻልኩም፣ ከላዩ እለጥፋለሁ።

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ እኔም አባዶ ነኝ፣ መጋቢት ላይ ሥራ እመለሳለሁ። ቦታ አለሽ?

የአባዶዋ

ከዓመት በታች አሁን ሞልቶብኛል እናቴ፣ ከአራት በላይ አልይዝም። አንዷ ልጅ በየካቲት ዓመት ይሞላታል፣ ያኔ ቦታ ይከፈታል። እስከዚያ ማለብ ተለማመጂ፣ ልጁንም ከሌላ ሰው እጅ በሲኒ አስለምጂው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።